አንበሲት ከአልጋ ሥር

ሃይደራባድ፣ ህንድ
መስከረም 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልደሥላሴ፣
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

አዲሱ ዓመት የጤናና የጥጋብ ይሁንልዎ እያልኩ ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሳለሁ። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ጎረቤታችን ሙሉዬ ደህና ናት? ሱቋ አልሰፋም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ የአባያን ዳር ያስመሰግናል። የዚህ አገር ሰዎች በበርበሬ ግን አይታሙም፤ በዚህ በኩል አገሬ ያለሁ ይመስለኛል።

ጋሼ፣ የጻፍኩት ለሰላምታ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። እርስዎ ቤት ሆኜ ስሠራ በትርፍ ጊዜዬ የምሄድበትን የአቶ ሸዋንዳኝን ግቢ ያስታውሳሉ። ጡረታ የወጡት የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ የተጣሉ ውሾችን ሰብስበው የሚያክሙት። እርስዎ "የውሻ ትምህርት ቤት" እያሉ ይስቁብን ነበር። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ልጃቸው ሀዋሳ ልትወስዳቸው ነው፤ ግቢውም ለባለቤቱ ይመለሳል። ውሾቹ ሁሉ ወሳጅ አግኝተዋል፣ ከአንዷ በቀር።

ስሟ አንበሲት ነው። አቶ ሸዋንዳኝ ስም ያደፋፍራል ብለው አወጡላት፤ አላደፋፈራትም። ያገኘናት ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ታስራ በዱላ ስትደበደብ ነው። አትጮህም፣ አትናከስም። ሰው ሲመጣ ጥግ ፈልጋ ትደበቃለች። እኔን ለመልመድ ብዙ ወር ፈጀባት፤ ከለመደችኝ በኋላ ግን ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጥላ ትተኛ ነበር። ልሄድ ስሰናበታት በአጥሩ ቀዳዳ ያየችኝ አስተያየት እዚህ ድረስ ተከትሎኛል።

ግቢው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይለቀቃል። እስከዚያ የሚወስዳት ካልተገኘ መንገድ ላይ መውጣቷ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ እሷን የመሰለች ፈሪ ብዙ አትቆይም። ትምህርቴን ጨርሼ በሰኔ እስክመጣ ድረስ ብቻ ቢያቆዩልኝ ብዬ ነው። ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም። ስልክ ደውዬ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፤ "ማነው? ማነው?" ብለው ዘጉት።

እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ ፌቨን


አርባ ምንጭ
ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለፌቨን፣

በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። የያዝሽውን ያስጨርስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው የምታውቂው ነው፤ ከዘራዬ በእጄ ካለ ግን የትም አልቀርም።

አያትሽ የአጎቴ ልጅ ነበር፤ በዘር ቆጠራ ሩቅ ነሽ። ዳሩ ግን ቤቴ በኖርሽበት ጊዜ ወርቂቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ይቺን እኔ ነኝ የወለድኳት" ትል ነበር። የሚስቴን ቃል ከሞተች በኋላ ላጥፍ? እምቢ ማለት አልቻልኩም። ውሻሽ መጥታለች።

ሸዋንዳኝ በባጃጅ ነው ያመጣት። ውሻ በባጃጅ ተሳፍራ ስትወርድ የሰፈሩ ሰው ቆሞ አየ። በሩን ከፍቼ "ነይ አንበሲት" አልኳት። አንዴ ቀና ብላ አየችኝና በሆዷ መሬት እየጠረገች ቤት ገብታ አልጋዬ ሥር ተወሸቀች። ውሻ ቤት አይገባም ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ! በከዘራዬ ጫፍ ገፋ አድርጌ ላወጣት ብሞክር ግድግዳውን ልትበሳው ደረሰች። ተውኳት። ምግቧን የምትበላው እኔ ከቤት ስወጣ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ የፈራኝ ተማሪ አላየሁም። ሙሉዬ ስትመጣ እንኳ ቢያንስ አፍንጫዋን ብቅ ታደርጋለች። እኔን ግን ምን እንዳደረግኋት አላውቅም፤ ገና ስነሳ ትንቀጠቀጣለች። ሙሉዬ "ጋሼ፣ ፊትዎን አይታ ነው" ብላ ትስቃለች። ትሳቅ። የሰፈሩ ጎረምሶች ማንጎዬን ሲያራግፉ ዘበኛዬ ከአልጋ ሥር ጸሎት ላይ ናት።

ስልክ አትደውዪ። መስመሩ ይንጫጫል፣ ቃልሽ አይለይም። ደብዳቤ ይሻለኛል፤ ደጋግሜ አነበዋለሁ።

እስከ ሰኔ አቆያታለሁ። ሰኔ ሩቅ አይደለም።

ወልደሥላሴ


ሃይደራባድ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። መልሴ የዘገየው ፈተና ስለነበረብኝ ነው፤ እባክዎ አይቀየሙኝ። አንበሲትን ስለተቀበሉልኝ ምስጋናዬ ከአንጀቴ ነው። ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቅሁ፣ ከዚያም አለቀስኩ።

እዚህ የመንገድ ውሻ ከሰው ጋር እኩል መንገድ ይሻገራል። በየጥጉ ተኝቷል፣ ማንም አይነካውም። በማደሪያችን በር ላይ አንዲት ጥቁር ውሻ አለች፤ ባየኋት ቁጥር አንበሲት ትመጣብኛለች።

ጋሼ፣ አስቤበት አስቤበት አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። እስክመጣ ማቆየቱን ይተዉትና ለአንበሲት ቋሚ ቤት ቢፈልጉላት ጥሩ ይመስለኛል። እርስዎም ጉልበትዎ እያመመዎ የእሷን ጣጣ መሸከም የለብዎትም። ሰውየው ረጋ ያለ ይሁን፣ አይጩህባት፣ ሰንሰለት ላይ አያኑራት። "ዘበኛ እፈልጋለሁ" ለሚል አይስጧት፤ እሷ ዘበኛ አትሆንም፣ እሱም በንዴት ይመታታል። ለማንም ሲሰጧት ግን ደጋግመው ይጠይቁ፣ ቤቱን ሄደው ይዩ። ከእጅዎ ወጥታ ከተደበደበች የኔ ጥፋት ነው የሚሆነው።

አንዳንድ ጊዜ እደውላለሁ። ይጠራል፣ አያነሱም።

በጣም የምወድዎ፣ ፌቨን


አርባ ምንጭ
ጥር 23 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለፌቨን፣

ጥምቀቱን በሰላም አሳልፈናል። ለአንቺም የአባቶችሽ በረከት ይድረስሽ። የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ሰኔ የሚለውን ቃል ፈልጌ አጣሁት። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አየሁ፤ የለም። ይሁን።

ቤት ይፈልጉላት ብለሽ አዘሻልና ፈለግሁ። ትዳር የምፈልግላት ነው የሚመስለው። መጀመሪያ የሙሉዬ ወንድም፣ አውቶቡስ የሚነዳው፣ መጣ። ድምፁ ነጎድጓድ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ አንበሲት ያለችበትን አራሰችው። "ይቺ ውሻ ናት ወይስ ሙሽራ?" ብሎ ሄደ። ቀጥሎ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማው አጵሎስ መጣ። ጦጣና ከርከሮ ሙዙን ጨረሱበት፣ የሚያባርርለት ውሻ ይፈልጋል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥም ያገለግላል። እውነቱን ነገርኩት፤ "ልጄ፣ ይቺን ጦጣው ነው የሚያባርራት" አልኩት። ስቆ ተወኝ፤ "ሌላ ሰው ካገኘሁ እነግርዎታለሁ" ብሎኛል። ጮክ ብሎ የሚናገር ልጅ በመሆኑ ደስ አለኝ።

ፍርሃቷ ለከት የለውም። እኔ ቁጭ ብዬ ሳነብ እሷ ማዶ ግድግዳው ሥር ትጋደማለች። ድንገት ብድግ ትልና እልም ብላ አልጋ ሥር ትገባለች። መጀመሪያ በከንቱ የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ሳይ ግን በሩ ላይ ሰው ቆሟል። አንድ ቀን ሙሉዬ፣ አንድ ቀን ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው፣ አንድ ቀን የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ በዛብህ። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ የሚጮህ ውሻ አውቃለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ውሻ ያየሁት ከአንቺ ነው።

እኔን እስካሁን አልቀረበችኝም። ከወንበሬ ተነስቼ ከዘራዬን እስክይዝ ድረስ ትጠብቅና ትሮጣለች። ሆድ ይብሰኛል፤ ለሰው የማይነገር ነገር ስለሆነ ለአንቺ ብቻ ጻፍኩት።

ወልደሥላሴ


ሃይደራባድ
የካቲት 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬን ባጭሩ ይቀበሉኝ፤ ልቤ ተጨንቋል። ስለ አልጋው የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አንበሲት ካልተደበቀች በር ላይ ሰው መኖሩን በምን ያውቃሉ? በሩ ሲንኳኳ አይሰማዎትም ማለት ነው? ስልኩም የመስመር ጉዳይ አይደለም፣ አይደል? ጋሼ፣ አይደብቁኝ።

እኔም የደበቅሁት አለኝ። ሰኔን የተውኩት ረስቼ አይደለም። መምህሬ እዚሁ ቀጥዪ ብለውኝ ለሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ። ለእናቴ እንኳ ገና አልነገርኳትም። ለእርስዎ ደግሞ "እስከ ሰኔ" ብዬ ቃል ገብቼ ውሻዬን ስለጣልኩብዎ እፍረት ያዘኝ፤ ቤት ይፈልጉላት ያልኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ግን እለምንዎታለሁ፣ ለማንም አይስጧት። እሷ ከእርስዎ ጋር ብትሆን ይሻላል። ይህ ደብዳቤ ሳይረፍድ እንዲደርስዎ እጸልያለሁ።

ፌቨን


አርባ ምንጭ
የካቲት 18 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለፌቨን፣

እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ ነው ብዕሬን ያነሳሁት። ቤት ተገኘላት። የገረሴው ዘመዳችን ኤርጫፎ ለገበያ ወርዶ እኔ ዘንድ አረፈ። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ልጆቹ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፣ ደጋው ደግሞ ጸጥ ያለ ነው። "ባትጮህም ትኑር፤ ለእኔና ለባለቤቴ ጓደኛ ትሆነናለች" አለ። ያልሽውን ሁሉ ጠየቅሁት። ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል ብዬ ሰጠሁት። በገመድ አስሮ በአይሱዙ ጫናት። ስትሄድ ዞር ብላም አላየችኝ። እኔም ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ኤርጫፎ ራሱ ተመልሶ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ኩልፎ ድልድይ ጋ መኪናው ሲቆም፣ ረዳቱ ጎማውን በብረት ሲመታ፣ ገመዱን በጥርሷ በጥሳ ዘልላ ሙዙ ውስጥ ገባች። ሲፈልጋት ውሎ አጣት። "ጋሼ፣ አደራ በላሁ" ብሎ አለቀሰብኝ። አደራውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር ልንገርሽ፤ ከሙሉዬ ከምትሰሚ ከእኔ ስሚ። ኤርጫፎ ከመምጣቱ በፊት ዛሬ ጠዋት ሙሉዬና አቶ በዛብህ በሬን ሲያንኳኩ ነው ያረፈዱት። ሞቷል ብለው መቀርቀሪያውን ሰብረው ሲገቡ እኔ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ አነባለሁ። ሙሉዬ ደረቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እነዚህን ወራት የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም፣ በአንበሲት ነው። ለካ ደንቁሬያለሁ።

እሷ የት እንዳለች አላውቅም። ነገ ኩልፎ እወርዳለሁ።

ወልደሥላሴ


ሃይደራባድ
መጋቢት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ። የእኔ አስቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮ! እርስዎን አልወቅስም፣ ኤርጫፎንም። እኔ ነኝ አንዴ ያቆዩልኝ፣ አንዴ ይስጧት ያልኩት።

ካለች ሙዙ ውስጥ ናት፤ ሩቅ አትሄድም። ስሟን እየጠሩ አያሳድዷት። የሚለብሱትን ጋቢ ሙዙ ሥር ይተዉላት፤ ሽታው ቤቷ ነው። ምግብ በአንድ ቦታ ያስቀምጡ። ካዩዋት ዝቅ ይበሉ፣ ፊት ለፊት አይዩዋት፣ ዝም ብለው ይቀመጡ።

የምፈራው ረሃቡን አይደለም፣ ሰውን ነው። ከስታ፣ ምራቋ እየተዝረበረበ ያያት ሰው "እብድ ውሻ" ብሎ ይጮሃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድናት የለም። ተከትባለች፤ አቶ ሸዋንዳኝ በእጃቸው ነው የከተቧት። ያበደ ውሻ ሰው ላይ ይመጣል፣ እሷ ደግሞ ከሰው ትሸሻለች። ይህን ለአጵሎስና ለሠራተኞቹ ይንገሩልኝ። ከገደሏት ምን እንደምሆን አላውቅም። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲናገር አይሰማኝም።

ስለ ጆሮዎ ብቻዎን አይቻሉት። ሐኪም ይዩ። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ፌቨን


አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለፌቨን፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ! መጀመሪያ ነገሩን ልንገርሽ፣ ልብሽ ይረፍ፤ አንበሲት አለች። ይህን ስጽፍ እግሬ ላይ ተኝታለች። አዎ፣ እግሬ ላይ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ጋቢዬን ኩልፎ አድርሼ አጵሎስን አደራ አልኩት። እየመጣች ትበላለች፣ ማንም ሲጠጋ ትጠፋለች ይለኝ ነበር፤ አንዳንዴም ጋቢው ላይ ተኝታ ታድራለች አለኝ። እኔ እየሄድኩ ስቀመጥ ግን አንድም ቀን ብቅ ብላ አታውቅም።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ነው። ሙሉዬ ሱቋን ክፍት ትታ እየሮጠች መጣች። ለእኔ ስትል አሁን የሳሙና ካርቶን እየቀደደች ነው የምትጽፍልኝ፤ "አንበሲት ተገኘች፣ ሊገድሏት ነው" ይላል። በባጃጅ ወረድን። ከታችኛው እርሻ የመጡ ሠራተኞች ዱላና ገጀራ ይዘው ከበዋታል። እሷ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ፣ አረፋ ደፍቃ፣ አጥንቷ ተቆጥሮ ቆማለች። አጵሎስ መሀል ገብቶ እጁን ያወናጭፋል። አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ እንጂ አልሰማም። ምን እንደሚሉ ግን ማን ያጣዋል?

እኔ ልጮህ ነው? የራሴን ጩኸት እንኳ አልሰማውም። ለእኔ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ የወንድሙን ደም ሊመልስ የወጣ ሰው እንኳ አልፎት አይሄድም። ለውሻ ብሎ ያደረገው ሰው መኖሩን አልሰማሁም። በጉልበቴ ሰበብ ለስግደት እንኳ ከተንበረከክሁ ዘመን አልፏል። ሣር የሚይዝ ሽማግሌ ደግሞ ዱላ አይይዝም። ከዘራዬን ወዲያ ወረወርኩት፣ ከወንዙ ዳር ሣሩን በሁለት እጄ ነጨሁና በእነሱና በእሷ መሀል ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሙሉዬ ሰምታለች አሉ።

"ልጆቼ፣ ያበደ ውሻ ሰው ላይ ይመጣል። ይቺ ሰው ነው የሚያስሸሻት" አልኳቸው። "ክትባት አላት። የእኔ ናት። ቤቷ ቤቴ ነው።"

አንዱ ጎረምሳ ተሳድቧል አሉ። አልሰማሁም፤ የመደንቆር ትርፉ ይኸው ነው። ሌላው ግን ሣሩን አይቶ ገጀራውን መሬት አደረገ። ተራ በተራ አስቀመጡ። ፈርቼ ነበር ልጄ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ክርኔ ሥር ትንፋሽ ተሰማኝ። አልዞርኩም፣ እንዳልሽኝ ዝም አልኩ። ጭንቅላቷን በክንዴ ሥር አሾልካ ሣሩ ላይ አሳረፈችው። ሙሉዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ።

ከዚያ ልነሳ አልኩና አጵሎስ ከዘራዬን አንስቶ ሲያቀብለኝ አንበሲት ዘልላ ወደ ኋላ ሸሸች። ሁላችንም ከዘራውን አየነው። በዱላ ነው የተደበደበችው ብለሽ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጽፈሽልኛል፤ ያንን ሳነብ ራሱ ከዘራዬ ጭኔ ላይ ነበር። እኛ አገር ሽማግሌ ከዘራውን ከእጁ ለይቶ አያየውም፤ ማንም አላሰበው፣ አንቺም አላሰብሽው። ስንት ወር ሙሉ ይጠላኛል ብላ የምትንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከዘራው ሙሉዬ ሱቅ ተሰቅሏል፤ ስወጣ እወስደዋለሁ፣ ስገባ አስቀምጠዋለሁ። ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዤ እሄዳለሁ፣ እሷም በጎን በጎኔ ትሄዳለች። የእንስሳት ሐኪሙ ዐሥር ቀን ሙሉ ተከታትሎ ጤነኛ ናት ብሏል። ኤርጫፎም ከገረሴ ወርዶ አይቷት እፎይ ብሎ ተመልሷል።

ስለ ጆሮዬ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፤ የዕድሜ ነው አለኝ። ይሁን። በር ላይ ሰው ሲመጣ አሁንም አልጋ ሥር ትገባለች። እኔም ተነስቼ እከፍታለሁ። ይህን ፍርሃቷን እንዳትተወው ነው የምጸልየው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሁለት ዓመት እንደፈረምሽ አንብቤያለሁ። ከፋኝ፣ አልዋሽሽም። ግን ተማሪ ነበርሽ፣ ተማሪ ነሽ፤ ተማሪ የጀመረውን ይጨርስ። ቃል በልቻለሁ ብለሽ አትጨነቂ። ለእሷም ቤት ተገኝቷል፤ ካልሽው ሰው ይልቅ ትንሽ ቁጡ ቢሆን ነው። ለእናትሽ ግን ዛሬውኑ ጻፊላት።

አንድ ነገር ብቻ። አንቺን ታውቅሻለች፣ ጉልበትሽ ላይም ተኝታለች። አንቺ ስትመጪ አትደበቅም። አንቺ ታንኳኪያለሽ፣ እኔ አልሰማም፣ እሷም ከግቢው ውስጥ ሆና በአጥሩ ቀዳዳ ታይሻለች፣ በር ላይ ቆመሽ መቅረትሽ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ የምትመጪበትን ቀን አስቀድመሽ ጻፊልኝ። ከጠዋት ጀምሬ በሩን ከፍቼ እጠብቅሻለሁ።

ወልደሥላሴ